ጉጉት በጓሯችን

ከጓሮው ጉጉት ማባረር የሚፈልግ ሰው ካለ እኔን ያማክረኝ። የሚሠራውን ዘዴ አላውቅም፤ የማይሠራውን ግን አንድም ሳይቀረኝ ልነግረው እችላለሁ። በድስት ክዳን አይሆንም። በጸበል አይሆንም። በመኪና ክላክስ ጭራሽ አይሆንም። በመጥረጊያም ሞክሬዋለሁ፤ ስለ እሱ እንኳ ቀኝ እግሬ ብትናገር ይሻላል።

ነገሩ የሆነው ካዛንቺስ ግማሿ ቆርቆሮ፣ ግማሿ መስታወት በነበረችበት ጊዜ ነው። የእኛ ቤት ከቆርቆሮው ወገን ነበረች። የሠሯት የባለቤቴ የጽጌ አባት ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቤቱን ሲሠሩ ቸኩለው ነበር መሰለኝ ግድግዳው ወደ ጎረቤት ያዘነብላል። ዛፍ ሲተክሉ ግን አልቸኮሉም። ከቤቱ ጀርባ ጀምሮ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆሟል። ፀሐይ ጓሯችን የምትገባው አስፈቅዳ ነበር። ያሰጣነው ልብስ የሚደርቀው እኛ ስንረሳው ነው።

እኔ የጓሮ ሰው አልነበርኩም። ስታዲየም አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ውስጥ ውዬ፣ ማታ ጋዜጣዬን ይዤ ሳሎን የምቀመጥ ሰው ነኝ። ወፍ ማለት ለእኔ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንደኛው ዶሮ፣ ሁለተኛው ሌላው በሙሉ።

ጽጌ ግን አስተማሪ ነበረች፤ ትንንሾቹን ነበር የምታስተምረው። ልጅ አልወለድንም። እሷም ከትምህርት ቤት መልስ የጓሮውን ፍጥረት ሁሉ እንደ ክፍል ተረከበችው። አጥሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም የሚቆጣው ቁራ «የክፍል አለቃው» ነው። ከወንዙ በኩል በቡድን መጥተው ሳሙናችንን ይዘው የሚሮጡት ጦጣዎች «የኋላ ወንበር ልጆች» ናቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በግንቡ አናት ላይ ኮቴዋ ሳይሰማ የምታልፍ አንዲት ሸለምጥማጥ ነበረች፤ ነጠብጣብ ያለባት፣ ጅራቷ ከራሷ የረዘመ። እሷ ስታልፍ ወፉ ሁሉ ጸጥ ይላል። ጽጌ «ዳይሬክተሯ» ትላታለች።

«ና እስቲ እያት፣ እንዴት እንደምትራመድ!» ትለኛለች።

«መጣሁ፣ ይቺን ዜና ልጨርስ።»

ዜናው መቼም አያልቅም፤ ሸለምጥማጧ ግን ታልፋለች።

ከዚያ ጽጌ ታመመች። ጉበቷ ነው ተባለ። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አየና መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን የሚያወልቅ ሐኪም አልወድም። «እቤቷ ትረፍ፤ የምትወደውን ነገር አትከልክሏት» አለኝ። የምትወደው ጓሮውን ስለነበር አልጋዋን ወደ ኋላኛው ክፍል ወስደን መስኮቱ ሥር አደረግነው። ከወሎ ሰፈርም እትዬ የሺ ሊያስታምሟት መጡ። እትዬ የሺ የጽጌ አክስት ናቸው፤ እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አጭር፣ ቆፍጣና፣ ሲያዝኑም ሲቆጡም ድምፃቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሴት ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጽጌ ጮኸች፤ «ና! ኧረ ና፣ ቶሎ በል!»

ሕመሙ ተነሳባት ብዬ ሸበጥ በአንድ እግሬ አድርጌ ሮጥኩ። እትዬ የሺም የሾርባ ሳህን ይዘው ከኋላዬ ደረሱ። ጽጌ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ እንደ ጤነኛ ሰው ዓይን ያበራል።

«ጽዱን እየው። ወፎቹ ሁሉ የሚንጫጩበትን። ግንዱ ጋ ያለውን ጉቶ አየኸው?»

አየሁት። ጉቶ ነው። ኋላ ጉቶው ሁለት ትላልቅ ቢጫ ዓይኖች ገለጠ፤ አየንና መልሶ ጨፈነ።

«ድመት ናት» አልኩ በእርግጠኝነት።

«አንተ ሰውዬ! ጉጉት ናት እኮ! እኛ ጓሮ ጉጉት!»

ከኋላዬ ሳህኑ ወደቀ። «በስመ አብ!» አሉ እትዬ የሺ። ሾርባው በሸበጤ ላይ ፈሰሰ፤ ሸበጥ ባላደረግኩበት እግሬ ላይ ማለቴ ነው።

ወጥ ቤት ወስደውኝ በሩን ዘጉ።

«ይቺ ነገር ለደግ አልመጣችም» አሉኝ። «የዚች ልጅ አባት ሊያርፍ ሲል ጣራው ላይ ቆማ ስትጮህ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እትዬ፣ ወፍ እኮ ናት።»

«ፖስተኛስ ሰው አይደል? የሚያመጣውን ነገር ግን ታውቃለህ?»

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ነገር አላምንም። ብቻ የማላምንበት ነገር የታመመች ሚስቴን በመስኮት አሻግሮ ሲያያት ማየቱ ደስ አላለኝም። «ጽጌ እንዳትሰማ አባርራታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

በማግስቱ ሁለት የድስት ክዳን ይዤ ከመስኮቱ በማልታይበት በኩል ወደ ጽዱ ተጠጋሁና አጋጨሁ። ዋኔው በረረ፣ ቁራው ተሳደበ፣ ጉጉቷ አንገቷን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከመስኮቱ የጽጌ ድምፅ መጣ።

«ማነው እዚያ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ድስት እያጠብኩ።»

ከተጋባን ጀምሮ ድስት አጥቤ አላውቅም። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ቀን በኋላ ድስት ማጠብ የእኔ ሥራ ሆነ።

ቀጥሎ እትዬ የሺ ጸበል አስመጡ። «ወደ ላይ ርጨው፤ ስትረጭ ብቻ አትጠራጠር» ብለው አስጠነቀቁኝ። በጣሳ ቀድቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ላይ ወረወርኩት። ነፋሱ ተቀብሎ በአጥሩ ላይ አሻገረው። በወዲያ በኩል ጎረቤታችን ከማል ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ለጁምዓ ሊወጣ በር እየከፈተ ነበር። ከማል ኦሎምፒያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ አብረን ያደግን ያህል የምንቀራረብ ሰው ነው። ከራሱ ላይ የሚንጠባጠበውን ጠረገና በአጥሩ ቀዳዳ አየኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ ሳታማክረኝ ታጠምቀኛለህ?»

ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «ለጽጌ ከሆነማ እኔም አለሁበት» አለና በነጋታው ባትሪና የጭነት መኪና ክላክስ ተሸክሞ መጣ። ከጽዱ ሥር አሰርነው። ሽቦውን ሲያገናኘው የወጣውን ድምፅ ምን ብዬ ልግለጸው! ከወንዙ ወዲያ ያሉ ውሾች ሳይቀሩ አላዘኑ፤ ዋናው መንገድ ላይ ሲሄድ የነበረ ታክሲ ዳር ያዘ ብለው በኋላ ነገሩን። ጉጉቷ አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች። ሁለተኛውን ለመግለጥ የሚያበቃ ነገር አላገኘችም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ጽጌ ከውስጥ።

«መንገድ ላይ ነው!»

«በጓሯችን መንገድ ወጣ እንዴ?»

ከማል ባትሪውን አቅፎ አፉን ጀለቢያው ውስጥ ደበቀ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ጽጌን ለክትትል ሐኪም ቤት ወሰድናት። ያው ሐኪም ነው። መነጽሩን አወለቀና በዚህ ጊዜ መልሶ አላደረገውም። እሷን ነርሷ ደግፋ ስታወጣት እኔን አስቀርቶ፣ «ከእንግዲህ ባታመላልሷት ጥሩ ነው» አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ምን ማለት እንደሆነ ይነግረኝ ነበራ።

ቤት ገብተን አስተኛናት። እትዬ የሺ ፊቴን አይተው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። እኔ በጓሮ በር ወጣሁና የከማልን መሰላል ከአጥሩ ላይ አነሳሁ፤ መጥረጊያውን ያዝኩ። ምን እንደማስብ አላውቅም። ማለቴ አውቃለሁ። ጉበቷን ልደበድብላት አልችልም። ሐኪሙን ልደበድበው አይገባኝም። እዚያ ጽድ ላይ ያለችው ግን በመጥረጊያ ይደረስባታል።

ወጣሁ። ከእኔ ቁመት በሦስት እጥፍ ከፍ ብዬ ቅርንጫፉን አቅፌ ቀና ስል ፊት ለፊት ተያየን። ያን ያህል ቅርብ መሆኗን አላሰብኩም ነበር። ፊቷ ክብ፣ ላባዋ የዛፉን ልጣጭ የመሰለ፣ ጆሮ ከሚመስሉት ላባዎቿ አንዱ የተሰበረ። ክንፏን ዘርግታ እንደ ጃንጥላ ተነፋች፤ አፏን ቋ ቋ አደረገች። ከክንፏ ሥር፣ ቅርንጫፉና ግንዱ በሚገናኙበት ጎድጓዳ፣ ጥጥ የመሰሉ ሁለት ነገሮች ተንቀሳቀሱ።

ጫጩቶች ናቸው። መጥረጊያውን እንዳነሳሁ ቀረሁ። «ይቅርታ» አልኩ። ለጉጉት ይቅርታ ስል ነው መሰላሉ የተንሸራተተው።

ስወድቅ መጀመሪያ የሰማሁት የእግሬን ድምፅ ነው። ሁለተኛ የሰማሁት የጽጌን ሳቅ። ለካ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ሁሉንም አይታለች። ስታቃስት፣ ስታስል፣ እንባዋን ስትጠርግ፣ «ሰውዬው! ኧረ ሰውዬው ተሰበረ! እትዬ፣ ድረሱለት!» ትላለች፤ እንደገና ትስቃለች። ከታመመች እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ቀኝ እግሬን እስከ ጭኔ ጀሶ አደረጉልኝ። እትዬ የሺ ሁለት በሽተኛ በሁለት ክፍል አላስታምምም ብለው ፍራሽ ከጽጌ አልጋ አጠገብ፣ እዚያው መስኮቱ ሥር አነጠፉልኝ። ጽጌ ቀይ እስክሪብቶዋን አስመጥታ ጀሶው ላይ በአስተማሪ ጽሑፍ፣ «ጥሩ ሙከራ። ወደፊት በርታ» ብላ ጻፈችበት።

በዚያው ቀን እንዲህ አለችኝ፤ «እኔን የምትወስደኝ እሷ መሰለችህ?»

«አይ... እትዬ ናቸው...»

«እሷ ልጆች አሏት። በእኔ ምን ሥራ አላት?»

ጣሪያውን አየሁ። እጇን ከአልጋው ላይ ለቀቅ አድርጋ ጸጉሬ ላይ አሳረፈችው። ስለ ሐኪሙ ያን ቀን አወራን፤ ያወቀችው ከእኔ ቀድማ ነበር።

የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ? ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ከትዳራችን ሁሉ ደስ ያሉኝ ነበሩ። መሄጃ የለኝም፤ ጋዜጣ የሚገዛልኝ የለም። ጠዋት ጠዋት አበባ የምትመጥ፣ ደረቷ እንደ ዘይት የሚያብረቀርቅ ወፍ መስኮቱ ድረስ ትመጣለች። ቁራው ሰልፍ ያሰልፋል። ጦጣዎቹ አንድ ቀን የእትዬ የሺን ማበጠሪያ ወስደው እርስ በርስ ሲበጣጠሩ ዋሉ፤ እትዬም በወንዙ አፋፍ ላይ ቆመው በየስማቸው የሚያውቋቸው ይመስል ሰደቧቸው። ሊመሽ ሲል ሸለምጥማጧ በግንቡ ላይ ታልፋለች፤ ጓሮው ጸጥ ይላል፤ እኔና ጽጌም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ስንት ዓመት ሙሉ ዜና ላንብብ ብዬ ያመለጠኝ ይህ ነበር ለካ።

ጉጉቷን ደግሞ ሥራችን አደረግናት። ፀሐይ ስትገባ ትነሳለች፤ አይጥ ይዛ ትመለሳለች፤ ከጫጩቶቹ ትልቁ የትንሹን ድርሻ ይነጥቃል።

«ተማሪዬ ቢሆን ማዕዘን ላይ አቆመው ነበር» ትላለች ጽጌ።

እትዬ የሺ ሾርባ ይዘው ሲገቡ ወደ መስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። እኛ ስለ ጉጉቷ ስናወራ እሳቸው ዓይናቸውን ወደዚያ አይጥሉም። ያማትባሉ፤ ያጎርሱናል፤ ይወጣሉ።

እያደር ጽጌ ቀና ማለት አቃታት። ዓይኗን ጨፍና፣ «ምን አለ?» ትለኛለች። እኔ ክርኔን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እነግራታለሁ። መናገር አላውቅበትም። «ወፍ መጣ» እላለሁ።

«ምን ዓይነት?»

«ቡናማ።»

«ጭራውስ?»

«ረጅም... እንደ አይጥ ጭራ የመሰለ። ከጓደኛው ጋር ኮሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደረቱን ፀሐይ እያሞቀ።»

«እንዲህ ነው እንጂ» ትላለች። እንደዚህ እየተባልኩ ማየት ለመድኩ።

ያረፈችው ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ የሺ እግሯን አቅፈው ይዘዋል፤ እኔ ጀሶዬን ጎትቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ወጥቻለሁ። ስለ ቁራው እየነገርኳት ነበር። «እንዲህ ነው እንጂ» የምትልበት ቦታ ላይ ደረስኩና ጠበቅኳት። እንደገና ልቀጥል ስል እጄን ይዘው ያስቆሙኝ እትዬ የሺ ናቸው።

የቀብሩን ነገር አልናገረውም። እኔ በክራንች ነኝ፤ ሰው ደግፎ ወሰደኝ፣ ሰው ደግፎ መለሰኝ። አላለቀስኩም። ሰው «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ይለኛል፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ «እሺ» እላለሁ። የፊት ለፊቱ ግቢ ጠባብ ስለሆነ እድርተኛው ድንኳኑን የተከለው ከኋላ፣ ከጽዱ ሥር ነው። ለቀስተኛው አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ንፍሮውን ይዞ ጸጥ ብሏል። እንደ ማንኛውም ለቅሶ ቤት የሚንሾካሾክ አለ፤ ሁለት ሴቶች ወደ ዛፉ በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ «ከመጣች ጀምሮ እኮ ነው አሉ» ሲባባሉ ሰማሁ። እትዬ የሺም ሰምተዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ መሬት መሬቱን እያዩ ተቀምጠዋል።

ያን ጊዜ ነው ድንኳኑ ላይ አንድ ነገር ዷ! ብሎ የወደቀው። ሸራው ላይ ተንከባለለና በጠርዙ በኩል ወርዶ፣ ካፖርት የለበሱ የእድሩ ዳኛ ጭን ላይ አረፈ። ጥጥ የመሰለ፣ ክብ፣ ዓይኑ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ነገር። የእድሩ ዳኛ አዩት፤ እሱም አያቸው፤ አፉን ቋ አደረገ።

«ጉጉት!» አለ አንድ ሰው።

አግዳሚው ተገለበጠ። ንፍሮው እንደ በረዶ ዘነበ። ሐዘንተኛው ሁሉ በአንዲት መውጫ ሊወጣ ተጋፋ፤ አንዲት ወፍራም ሴት በድንኳኑ ሥር ተሽሎክልከው ወጡ፤ ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ጫጩቱ ዘርግተው ወደ ኋላ እየሄዱ ገመድ ጠለፋቸው። ዳኛው ተነስተው ሲያራግፉት ጫጩቱ መሬት ላይ ዱብ አለ፤ ክንፉን ጎትቶ መሸሽ ጀመረ። አንዱ ድንጋይ አነሳ።

«ጣል!» አሉ እትዬ የሺ።

ያ ድምፃቸው ነው፤ ሐዘን ይሁን ቁጣ የማይታወቀው። ሰውየው ጣለ። እትዬ ተነሱ፤ ጫጩቱ ጋ ሄደው ቆሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዛፉ ቀና ብለው አዩ።

«እናቱ ያቺ ናት?» አሉኝ።

«እሷ ናት፣ እትዬ።»

«እና ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ልጅ አይደለም እንዴ?»

ጎንበስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው አነሱት። «ኧረ ልቡ... ኧረ እንዴት ይመታል ልቡ!» እያሉ ደረታቸው ላይ አስጠጉት፤ በዚያው ትንፋሽ «የት አባክ ትወድቃለህ፣ አንተ ሟርተኛ!» ብለው ይሰድቡታል፤ እንባቸው ይወርዳል። «ከማል! መሰላሉን!»

ከማል ቆቡን እንዳደረገ ጫጩቱን በጃኬቱ ውስጥ ከትቶ ወጣ። እትዬ መሰላሉን በሁለት እጃቸው አንቀው አንገታቸውን ደፍተው ይጸልያሉ። እኔ ክራንቼን እያወዛወዝኩ «ወደ ቀኝ! ጎድጓዳው ጋ!» እያልኩ አመራር እሰጣለሁ። ከማል ጫጩቱን አስገብቶ እጁን ሲመልስ እናትየዋ ከላይ ድምፅ ሳታሰማ መጣችና ቆቡን ከራሱ ላይ መንትፋ ወደ ወንዙ በረረች።

«ቆቤን! ኧረ ቆቤን!»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ የድንኳኑ ሰው ሁሉ፤ አፉን በነጠላ ይዞ፣ እያፈረ፣ እያለቀሰ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጎኔ እስኪወጋኝ ሳቅኩና ክራንቼን አንስቼ ወደ ቤት ገሰገስኩ፤ ኮሪደሩን በአንድ እግሬ እየዘለልኩ አልፌ የኋላኛውን ክፍል በር በረገድኩት።

«ጽጌ፣ አየሽ? የከማልን ቆብ—»

ፍራሹን አውጥተውታል። የአልጋው ብረት ብቻ ነው ያለው። መስኮቱ ተከፍቷል።

ያ አልወጣ ብሎ የከረመው ለቅሶ ያኔ ነው የመጣው፤ ክራንቼ ወደቀ፤ እኔም ተከትዬው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ የሺ ከኋላዬ ገቡ። ለቅሶዬ እስኪያልቅ ጠበቁኝ። ከዚያ የአልጋው ብረት ላይ ቁጢጥ አሉና ነጠላቸው ላይ የተጣበቀውን ላባ መልቀም ጀመሩ።

«ምን ልትነግራት ነበር?»

«ያዩትን ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ምን አየሁ? መሰላሉን ይዤ አንገቴን ደፍቼ አልነበር?» አሉ። «በል ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

በእጄ ፊቴን ጠረግኩ።

«ከማል ቅርንጫፉን ያዘ» አልኩ።

«በየትኛው እጁ?»